ቆርቆሮው ለአክስቴ ወይስ ለማላውቃቸው ሰዎች?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ 28 ነው፤ በደብረ ብርሃን በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እናቴ የሞተችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ልትሞት ስትል ለታላቅ እህቷ ‹ልጄን አደራ› ብላ ሰጠችኝ፤ አክስቴም መንዝ ውስጥ ከራሷ አምስት ልጆች ጋር አሳደገችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ‹ሥራ ስይዝ የሣር ክዳንሽን በቆርቆሮ እለውጥልሻለሁ› ብዬ ቃል ገባሁላት። አሁን 150 ሺህ ብር አጠራቅሜአለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ‹በዚህ ገንዘብ እዚሁ ከተማችን መጠለያ ውስጥ ላሉ ብዙ ተፈናቃይ ቤተሰቦች እህልና ብርድ ልብስ ይገዛል። የአክስትህ ቤት ገና አላፈሰሰም። የአንድ ሰው ምቾት ከብዙዎች ረሃብ በለጠብህ?› አለኝ። መልስ አጣሁ። ቀጥሎም ‹ዘመዱን የሚቀጥረውን አለቃ ታማለህ፤ አንተ በገንዘብህ የምታደርገው ከእርሱ በምን ይለያል?› ብሎ ጨመረበት። መምህር፣ በፍልስፍና ዓይን ማናችን ነን ትክክል?»

ባልደረባህ የዋዛ ሰው አይደለም። አውቆትም ይሁን ሳያውቀው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ትምህርት ይዞ ነው የመጣብህ። ይህን ትምህርት እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ በየዓመቱም አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ያንተን ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀኛል። ባለፈው ዓመት የጠየቀችኝ ልጅ ጉዳይዋ የወንድሟ ሰርግ ነበር። የሰርጉ መልስ ቀላል ነበር፤ መልሱን ሰምታ ተቀይማኝ ሄደች እንጂ። ያንተው ጣሪያ ግን ከባድ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሠኝ።

ትምህርቱ በአማርኛ ውጤት ተኮር ሥነ ምግባር ቢባል ያስኬዳል፤ በውጭው አጠራር ኮንሴኩዌንሺያሊዝም ነው። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣችለት የብሪታንያዋ ፈላስፋ ኤልዛቤት አንስኮም ናት፤ ያውም ልትነቅፈው ብላ። ሐሳቡ ግን ከስሙ ይቀድማል። ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው ሥራ መሠረቱን አጸና፤ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 አለዘበው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ በእጅህ ካሉት አማራጮች ሁሉ የበለጠ መልካም ውጤት የሚያመጣውን አድርግ፤ ውጤቱን ስትመዝንም የማንም ደስታና ሥቃይ ከሌላው አይብለጥብህ። ሚል ከቤንታም የወረስኩት ነው የሚለው አባባል አለ፦ እያንዳንዱ ሰው እንደ አንድ ይቆጠር፣ ማንም ከአንድ በላይ አይቆጠር።

ይህን አባባል እንዳትንቀው። የባላባት ልጅ እንደ መቶ፣ የጭሰኛ ልጅ እንደ ምንም በሚቆጠርበት ዓለም ውስጥ አንድ ሰው አንድ ነው ማለት ትልቅ ድፍረት ነበር። ቤንታም ከሰው አልፎ እንስሳም ሥቃይ ከተሰማው ሊታሰብለት ይገባል ብሏል። ባልደረባህ መጠለያ ውስጥ ያለችውን እናት ከአክስትህ እኩል ሲቆጥር የቆመው በዚህ መሬት ላይ ነው፤ እስከዚህ ድረስ እኔም አብሬው እቆማለሁ። ችግሩ አንድ ጥያቄ መልሶ ሁለት የመለሰ መስሎታል። የማን ክብር ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። አንተ ለማን ምን አለብህ የሚለው ግን ገና አልተነካም።

ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ የወሰደው ሰው ዊልያም ጎድዊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1793 ስለ ፖለቲካ ፍትሕ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቤት አቃጠለ፤ በምናቡ ነው። ውስጡ ሁለት ሰዎች አሉ፦ አንዱ የካምብሬው ሊቀ ጳጳስ ፌኔሎን፣ በድርሰቱ ብዙ ሺህ ሰው የሚጠቅም፤ ሌላዋ የቤት ሠራተኛው። ማትረፍ የሚቻለው አንዱን ብቻ ነው። ጎድዊን ፌኔሎን ይትረፍ ይላል። ይሁን። ሠራተኛዋ እናትህ ብትሆንስ? ሚስትህ ብትሆንስ? መልሱ አይለወጥም ይላል፤ «የእኔ» በምትባለው ተውላጠ ስም ውስጥ የዘላለምን እውነት የሚሽር ምን አስማት አለ ብሎም ይጠይቃል።

በእንግሊዝኛ «የእኔ» ራሱን የቻለ ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ቃል እንኳ አያስፈልገውም። «አክስት» ማንም ሊሆን ይችላል፤ «አክስቴ» ስትል የመጨረሻዋ ፊደል ከሳድስ ወደ ኃምስ ትሻገራለች፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ባልደረባህ በሌላ አነጋገር የሚልህ፣ ከ«ት» ወደ «ቴ» ለመሻገር 150 ሺህ ብር አይከፈልም ነው።

የጎድዊን ታሪክ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1797 ጸሐፊዋን ሜሪ ዎልስቶንክራፍትን አገባ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጣው ልብ ወለድ መግቢያ ላይ የቤተሰብ ፍቅርና የቅርብ ሰው ርኅራኄ ከፍትሕ ጋር እንደማይጣሉ ጻፈ። ብዙ መምህራን ይህን ታሪክ ተርከው «ይኸው፣ ሕይወት አስተማረው» ብለው ይደመድማሉ። እኔ አልደመድምም። ሰው በሐዘን ሐሳቡን መለወጡ የቀድሞው ሐሳቡ ሐሰት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ያዘነ ሰው ሊሳሳትም ይችላል። ክርክሩን በክርክር እንየው።

ጠንካራውን ምት የሰነዘረው ፈላስፋው በርናርድ ዊልያምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ሰዎች ለሞት ይቃረባሉ፤ ውኃ ውስጥ ናቸው እንበል፤ አንዷ የአዳኙ ሚስት ናት። ሚስቱን ያድናል። በዚህ ማንም አይጣላውም። ነገር ግን ከመዝለሉ በፊት «ሚስቴ ናት፤ እንዲህ ባለ ሁኔታም ሚስትን ማስቀደም በሥነ ምግባር ሕግ የተፈቀደ ነው» ብሎ ቢያስብስ? ዊልያምስ ይህ ሰው አንድ ሐሳብ አብዝቷል ይላል። ሚስቲቱ ከውኃው ወጥታ ያንን ሁለተኛውን ሐሳብ ብትሰማ ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትህም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ይኸው ሰው ውጤት ተኮሩ ትምህርት ሰውን ቦይ እንደሚያደርገው ጽፏል፦ የሁሉ ሰው ፍላጎት በአንድ በኩል ይገባበታል፣ ከፍተኛው ጥቅም በሌላው በኩል ይወጣበታል፤ ቦዩ ራሱ ግን ምንም የሚወደው፣ ምንም የቆመለት ነገር የለውም።

ውጤት ተኮሮቹ ዝም አላሉም፤ ሁለት መልስ አላቸው። የመጀመሪያው የጆን ስቱዋርት ሚል ነው። ሚል እንዳለው አብዛኛው ሰው የብዙኃን ባለውለታ የመሆን ዕድል የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ በቅርቡ ላሉት ጥቂት ሰዎች ቢያስብ ይበቃዋል። ይህ መልስ በ1861 ለንደን ላይ ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ ግን በኪስህ ያለው ስልክ ላይ ቴሌብር አለ፤ የማታውቀው ሰው ዘንድ ለመድረስ ጣትህን ማንሳት ይበቃሃል። ያንተ ጉዳይማ ከዚህም ይቀርባል፤ መጠለያው በእግር የሚደረስበት ነው፣ መንዝ ግን በጣርማበር በኩል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቅርብና ሩቅ በኪሎ ሜትር ከሆነ ቅርብህ የባልደረባህ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ይህን መልስ እንዳትጠቀምበት፤ በአንድ ቃል ይጥልሃል።

ሁለተኛው መልስ የአሜሪካዊው ፒተር ሬይልተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፈው። ታሪኩ ያንተን ይመስላል። ባልና ሚስት በሥራ ምክንያት በተለያየ ከተማ ይኖራሉ። ሚስቲቱ አንድ ሰሞን ይከፋታል፤ ባልየው ከተለመደው ጊዜ ውጭ ትኬት ቆርጦ ሊጠይቃት ይሄዳል። የትኬቱ ገንዘብ ለእርዳታ ድርጅት ቢላክ በድርቅ ለተጎዳ መንደር የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። አጥፍቷል ወይ? ሬይልተን እንዲህ ይላል፦ ድርጊቱ ብቻውን ሲመዘን የተሻለው ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ሒሳብ የሚያሰላ ሰው ፍቅርም ወዳጅነትም አይኖረውም፣ በዚህም ዓለም ትጎዳለች። ስለዚህ አስተዋይ ውጤት ተኮር ሰው ስሌቱን ትቶ የሚወድ ሰው መሆንን ይመርጣል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ሕይወቱን በጥቅሉ ይመረምራል። ባልየው የሠራው ስሕተት ቢሆን እንኳ እንዲህ ከሚሳሳተው ሰው የተለየ ሰው መሆን አይጠበቅበትም።

ከዚያ ሰፈር የወጣ የተሻለ መልስ አላውቅም። አልፎ አልፎ ራስን መመርመር የሚለውንም እቀበለዋለሁ። ግን እስቲ አክስትህ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠህ ይህንኑ ጮክ ብለህ በላቸው፦ «አክስቴ፣ ይህን ጣሪያ መሥራቴ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራ ሰው መሆን በድምሩ ለዓለም ይጠቅማል።» ቡናው ይበርዳል። አክስትህ ፍልስፍና አልተማሩም፤ ይህ ንግግር ስለ እርሳቸው እንዳልሆነ ግን ወዲያው ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ያቆማሉ፤ ፍቅር አሸነፈ ይላሉ። እኔ ከእነርሱም ጋር አልስማማም። ማይክል ስቶከር የሚባል ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1976 ሆስፒታል የተኛ ሰው ታሪክ ተርኳል፦ ጓደኛው ሊጠይቀው ይመጣል፤ በሽተኛው ሲያመሰግነው «ግዴታዬ ስለሆነ ነው የመጣሁት» ይለዋል፤ ትሕትና መስሎት ቢጠብቅ ሰውየው የምሩን ነው። አንባቢው ቅዝቃዜው ይሰማዋል። ለእኛ ግን ቅዝቃዜው ያን ያህል አይደለም፤ ምክንያቱም ዕድር እናውቃለን። ዕድርተኛ ከቀብር ቢቀር ይቀጣል። ቅጣቱን ፈርቶ የመጣም ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ሬሳ ይሸከማል፤ ሐዘንተኛውም ወደደኝ አልወደደኝ ብሎ አይመረምረውም። አባቴ በሞተ ጊዜ አንድ ቂመኛ ጎረቤታችን ሦስቱንም ቀን መጣ። ለአባቴ ፍቅር እንዳልነበረው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እስከ ዛሬ ሳየው ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ።

ይህን ያነሣሁት የክርክርህን መቆሚያ ለመለወጥ ነው። አቋምህ በፍቅር ብቻ ከቆመ ባልደረባህ ያሸንፍሃል። «መጠለያው በየሳምንቱ ብትመላለስ እነርሱንም ትወዳቸዋለህ» ይልሃል፤ እውነቱን ነው፣ ፍቅር በመመላለስ ይመጣል። ጥያቄህን ስታነብ ግን አንተ ራስህ የጻፍከው ቃል ሌላ ነው። እናትህ «ውደጂልኝ» አላሉም። «አደራ» ነው ያሉት።

አደራ ወደ ኋላ የሚያይ ነገር ነው። ውጤት ተኮሩ ሒሳብ ዓይኑ ያለው ከፊቱ ብቻ ነው፦ ከአሁን ጀምሮ የትኛው መንገድ ምን ያመጣል? ትናንት የተባለው፣ የተሰጠው፣ የተወሰደው ነገ በሚያመጣው ጥቅም ካልሆነ በስተቀር ቦታ የለውም። ባልደረባህ ብልህ ከሆነ «ቃል ማፍረስም መጥፎ ውጤት አለው፤ በሰው መካከል መተማመን ይጠፋል» ይልሃል። እስቲ የእናትህን ቃል እንመልከት። የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው። አክስትህ በማግሥቱ አንተን ለሩቅ ዘመድ ቢሰጡ ማንም አደራ በላ አይላቸውም ነበር፤ የማንም መተማመን አይጠፋም፤ ሟቿም አያዩም። በሒሳቡ መዝገብ ላይ እናትህ የሉም፤ ለሞተ ሰው የሚጨመርም የሚቀነስም ደስታ የለምና። አክስትህ ግን ለሞተችው እህታቸው ዕዳ እንዳለባቸው ሆነው አምስት ልጅ ላይ ስድስተኛ ጨመሩ። እርሳቸው አስልተው ቢሆን ኖሮ አንተ ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ አትሆንም ነበር ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ተውሁት፣ ያ ራሱ በውጤት መከራከር ነው።

አንተ የሒሳብ ሰው ነህና በራስህ ቋንቋ ልንገርህ። አንድ ድርጅት ተከፋይ ሒሳብ እያለበት በእጁ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ ለበጎ አድራጎት ቢያከፋፍል ምን ትለዋለህ? ተቀባዮቹ የቱንም ያህል ቢቸገሩ ያከፋፈለው የራሱን አይደለም ትላለህ። 150 ሺህ ብሩ ሙሉ በሙሉ ያንተ አይደለም። ከፊሉ ከአሥር ዓመት በፊት በገባኸው ቃል ተይዟል። የባልደረባህ ጥያቄ «ከትርፍህ ለማን ትሰጣለህ?» ቢሆን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዕዳውን እንደ ትርፍ አድርጎ መጀመሩ ላይ ነው የተሳሳተው።

ዕዳ ሁሉ እኩል ነው አላልኩም። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ደብልዩ ዲ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1930 እንዳሳየው ቃል መጠበቅ እውነተኛ ግዴታ ቢሆንም ብቸኛው ግዴታ አይደለም፤ ከእርሱ የሚከብድ ሲመጣ ይለቅቃል። ዛሬ ማታ መጠለያው ውስጥ አንድ ሕፃን መድኃኒት አጥቶ ሊሞት ቢሆንና ገንዘቡ ያለው አንተ ጋር ብቻ ቢሆን ከጣሪያው አንሥተህ ስጥ። አክስትህ ይህን ሰምተው ባትሰጥ ነበር የሚቆጡህ። ነገር ግን ያኔም ዕዳው አይሰረዝም፤ ቀኑ ይገፋል እንጂ። ተመልሰህ ታስረዳቸዋለህ፣ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለህ፣ እንደገና ታጠራቅማለህ። በባልደረባህ ስሌት ግን የተሻለው ውጤት ከተመረጠ በኋላ ይቅርታ የሚባል ነገር ቦታ የለውም፤ ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው ማን ነው? እዚያ ላይ ነው ትምህርቱ ባዶ ሆኖ የሚሰማኝ።

አሁን ወደ አለቃችሁ እንሂድ፤ ይህኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የምንል ሰዎች ነን፤ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለውም የኛው ነው። ባልደረባህ ዘመድን ማስቀደም አንድ ዓይነት ድርጊት ነው ብሎ ያምናል፤ ወይ ሁሉም ይፈቀድ ወይ ሁሉም ይከልከል ይልሃል።

ስለ ጓሳ አስብ። የመንዝ አባቶች የጓሳን መሬት ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ እየከፈቱ ለዘመናት ጠብቀውታል፤ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀው የመሬት አዋጅ በኋላ የድሮው ሥርዓት ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ዛሬም ይጠብቀዋል። (ነገን አስልቶ ዛሬን መከልከል የፈረንጅ ፈጠራ እንዳይመስልህ፤ ለዚህ ቤንታምን አልጠበቁም።) በዚያ መሬት ላይ ጠባቂ የሆነ አንድ ሰው ወንድሙ የከሳ በሬ እየነዳ ቢመጣበት፣ ከራሱ ክምር ገለባ ቢሰጠው ደግ ሰው ነው። ባይሰጠው ጨካኝ እንለዋለን። ጓሳውን ቢከፍትለት ግን አደራ በላ ነው። ወንድሙም ያው፣ በሬውም ያው፣ ረሃቡም ያው። የተለወጠው የሚሰጠው ነገር የማን መሆኑ ነው።

አለቃችሁ የሰጠው የሥራ መደብ የራሱ ገለባ አይደለም። በእጁ የተቀመጠ የሕዝብ አደራ ነው። አንተን ለአክስትህ የሚያስገድድህ ቃል እርሱን የሚኮንነው ቃል ነው። ለዚህ ነው ሁለታችሁን አንድ ማድረግ የማልችለው፤ አደራ ጠባቂና አደራ በላ አንድ ዓይነት ናቸው እንደማለት ይሆናል። ደግሞ ልብ በል፣ አለቃው የቀጠረው ዘመድ ከሁሉ የተሻለ ሠራተኛ ሆኖ ቢገኝ ውጤት ተኮሩ ሰው የሚለው ነገር ያጥረዋል። ሥራው በደንብ ተሠርቷልና። ወረፋ ቆመው ሳይታዩ የተመለሱት ልጆች ግን ተበድለዋል፤ እኔና አንተ እናውቃለን።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወራህም። ከዓመታት በፊት የቅጥር ፈታኝ ሆኜ ስመደብ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የአበልጄ ልጅ ነበር። ከኮሚቴው ራሴን አገለልኩ። ልጁ በሌሎቹ ሚዛን ወደቀ። አበልጄ ሁለት ፋሲካ ደጄን አልረገጠም፤ ሚስቴም «ቢያንስ ብትቀመጥ ምን ነበረበት» ብላ ብዙ ጊዜ ወቅሳኛለች። በዚያው ዓመት ለልጁ የኮምፒውተር ሥልጠና ከደመወዜ ከፈልኩ። አበልጄ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ እስከ ዛሬ አልገባውም፤ በኮሚቴው ውስጥ ፈሪ፣ በኪሴ ደግሞ ለጋስ እንደሆንኩ ነው የሚቆጥረኝ። አልፈርድበትም።

ባልደረባህን እስካሁን ብዙ ተከራከርኩት። አሁን ደግሞ እርሱን ወግኜ አንተን ልጠይቅህ። ከ150 ሺህው ስንቱ ነው ጣሪያ? ስንቱ ነው ይሉኝታ? የሚስማሩን፣ የማገሩን፣ የአናጢውን ዋጋ ጨምረህ አስላው፤ ከዚያ ቤቱ ሲመረቅ የሚታረደውን በግ፣ የሚጠመቀውን ጠላ፣ «የእገሌ ልጅ ሠራላት» እንዲባል ብቻ የሚጨመረውን ቀለምና በር ለብቻው ጻፍ። የመጀመሪያው ዝርዝር ዕዳ ነው። ሁለተኛው የመንደር ዓይን ነው፤ ለመንደር ዓይን ቃል አልገባህም። እኛ ሰሜን ሸዋዎች በዘመድ ፍቅር ስም ለይሉኝታ የምናወጣው ገንዘብ ቢሰበሰብ ስንት ሰው እንደሚያበላ ማሰብ ያሳፍራል። የሰርጓን ልጅ ያስቀየማት መልስም ይኸው ነበር።

በዚህ ክፍል ላይ ፈላስፋውን ፒተር ሲንገርን መርታት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ በጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ሕፃን ሲሰምጥ ብታይ ልብስህ ይቆሽሻል ብለህ ታልፋለህ? አታልፍም። ታዲያ ከልብስ መቆሸሽ የማይበልጥ ዋጋ ከፍለህ ልታድነው የምትችለው ሌላ ሰው ሲኖር በምን ምክንያት ታልፈዋለህ? በጉና ጠላው የልብስ መቆሸሽ ናቸው። ጣሪያው ግን አይደለም። በነገራችን ላይ ሲንገር ራሱ እናቱ በአልዛይመር ሲታመሙ ለእንክብካቤያቸው ገንዘብ ማውጣቱን ተቺዎቹ አንሥተውበታል፤ እርሱም ጉዳዩ የገዛ እናት ስትሆን ቀድሞ ካሰበው ይልቅ እንደሚከብድ አልሸሸገም። ግብዝ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ሰውየውን የበለጠ ወደድኩት፤ ፍልስፍናውን ደግሞ በጥቂቱ ተጠራጠርኩት።

ስለዚህ ለባልደረባህ እንዲህ በለው፦ ጣሪያው ዕዳ ነው፣ እከፍላለሁ፤ የይሉኝታው ገንዘብ ለመጠለያው ይሄዳል፤ ከሚቀጥለው ደመወዝ ጀምሮም በየወሩ የተወሰነ እሰጣለሁ። የመጨረሻው ሐረግ ይከብድሃል። የ150 ሺህው ክርክር አንድ ጊዜ ተነግሮ ያልፋል፤ የየወሩ መዋጮ ግን ዕድሜ ልክ ይከተልሃል። ከእርሱ ጋር አንድ ቀን መጠለያው ድረስ ሂድና ምን እንደጎደለ ከራሳቸው አፍ ስማ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ቃልን የሚፈታው ቃል የተገባለት ሰው ነው፤ የባልደረባህ ሒሳብም፣ የኔ ፍልስፍናም ሊፈቱት አይችሉም። ታዲያ አክስትህን ለምን አትጠይቃቸውም? ልትጠይቃቸው ትችላለህ፤ አጠያየቁ ላይ ግን ወጥመድ አለ። «አክስቴ፣ ገንዘቡን ለተፈናቃዮች ልስጠው ወይ?» ብትላቸው ሳይጨርሱ «ተወው ልጄ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለእነርሱ ስጥ» ይሉሃል። አንተም መንዝ ነው ያደግኸው፤ እዚያ እንዲህ ተጠይቆ «አይ፣ ለእኔ ይሁን» የሚል ትልቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ያ መልስ ምሕረት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። በጨዋነት የተባለን ቃል እንደ ደረሰኝ ይዞ መመለስ ቃሉን ከማፍረስ ይከፋል።

ስለዚህ ፈቃድ ለመቀበል አትሂድ። ክረምቱ ሳይገባ ሂድና ሁለት ሦስት ሌሊት እደር። ቃሉን ከገባህ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ መካከል የሚፈልጉት ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል። በደንብ የተከደነ የጓሳ ሣር ብዙ ዘመን ይቆያል፣ ለመንዝ ብርድም ከቆርቆሮ ይሞቃል፤ ምናልባት ዛሬ የሚያስፈልጋቸው የዓይን ሕክምና ወይም ውኃ የሚቀዳላቸው ሰው ነው። እርሱን ከሌላው ጨዋታ መካከል ልቀም፤ በቀጥታ አይነግሩህም። ባልደረባህ ቤቱ ገና አላፈሰሰም ያለህ ከአንተ ሰምቶ ነው፤ አንተም ያንን የሰማኸው በስልክ ይመስለኛል። ማታ መብራቱ ሳይጠፋ አልጋቸው የት እንደተዘረጋ ተመልከት። አንተ ልጅ ሳለህ ከነበረበት ግድግዳ አርቀውት ከሆነ ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው።